ክሬማን ፎርጅድ ሻምፓኝ አይደለም

ፈረንሳይ፣ አልዛስ ውስጥ ወይን ጠጅ መሸጥ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሰርግ ያለባቸው ያገሬ ሰዎች ሲመጡ ክሬማን የሚባለውን የፈረንሳይ አረፋማ ወይን አውጥቼ አሳያለሁ፤ ጠርሙሱን ገልበጥ አድርገው ያዩና «ሻምፓኝ የሚል የለበትም እኮ» ብለው ይመልሱልኛል። ባለፈው ሰኔ ልጃቸውን የሚድሩ አንዲት እናት ደግሞ እጄን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ባገር ልጅነታችን ፎርጅድ እንዳትሰጪኝ» አሉኝ። እሳቸው አይፈረድባቸውም፤ እኛ ዘንድ ቡሹ ተስፈንጥሮ አረፋ ከወጣ ሁሉም «ሻምፓኝ» ነው። እኔ ግን ይህን መስማት ሰልችቶኛል፤ የሚሉኝን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ክሬማን የሻምፓኝ ቅጂ ነው።» አይደለም። ሻምፓኝ የቦታ ስም ነው፤ ከፓሪስ በስተምሥራቅ ካለው ከሻምፓኝ ክልል ያልመጣ ወይን እዚህ አውሮፓ ስሙን መያዝ በሕግ ክልክል ነው። ክሬማንም የራሱ ሕግና የራሱ ቦታዎች አሉት፦ አልዛስ፣ ሉዋር፣ ቡርጎኝ፣ ቦርዶ፣ ሊሙ፣ ዲ፣ ጁራ እና ሳቭዋ። ሉዋርና ቡርጎኝ እ.ኤ.አ. በ1975፣ የእኛው አልዛስ በ1976 ስሙን በሕግ አገኙ። ድሮማ የሻምፓኝ አምራቾች ራሳቸው አረፋው ለስለስ ያለውን ወይናቸውን ክሬማን ይሉት ነበር።

አሠራሩን ለእኚያ እናት በጠላ ነው ያስረዳኋቸው። ፍሬው በእጅ ይለቀማል፣ ማሽን አይገባም። ከ150 ኪሎ ወይን ከ100 ሊትር በላይ መጭመቅ አይፈቀድም። የመጀመሪያው ፍላት ካበቃ በኋላ ወይኑ ከጥቂት ስኳርና እርሾ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ይገባና እንደ ቢራ በቆርኪ ይዘጋል። እርሾው ስኳሩን ሲበላ የሚፈጠረው ጋዝ መሄጃ ስለሌለው እዚያው ወይኑ ውስጥ ይቀራል፤ አረፋው እሱ ነው፣ ከውጭ የተነፋበት ነገር የለም። እርሾው ሥራውን ሲጨርስ ይዘቅጣል። «አተላ ነዋ!» አሉኝ። አዎ፣ አተላ። ወይኑ ቢያንስ 9 ወር አተላው ላይ ይተኛል፤ ትኩስ ዳቦ የሚመስለው ሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ ጠርሙሱ ቀስ በቀስ እየዞረ በአፍጢሙ ይደፋል፣ አተላው አንገቱ ላይ ይከማቻል፣ አንገቱ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ አተላው በረዶ ይሆናል። አንድ ገበሬ ዘንድ ቆሜ አይቻለሁ፤ ቆርኪው ሲነሳ አውራ ጣት የማያክል ግራጫ በረዶ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ወይኑ ኩልል ብሎ ይቀራል። ሻምፓኝም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነት የላቸውም አልልም፦ ሻምፓኝ ጠርሙስ ውስጥ ቢያንስ 15 ወር፣ የአንድ ዓመት ምርት ብቻ ከሆነ ደግሞ 3 ዓመት ይቆያል፤ አፈሩም ፍሬውም ይለያል።

«ከረከሰ አንድ የጎደለው ነገር አለ።» የሻምፓኝ ክልል አንድ ሄክታር የወይን እርሻ 1 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ያወጣል፣ አንድ ኪሎ ፍሬ ደግሞ ከ6 ዩሮ በላይ። ለአንድ ጠርሙስ ከኪሎ በላይ ፍሬ ይሄዳል፤ ገና ሳይፈላ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። በዚያ ላይ ስሙ አለ። እኛ ሱቅ ደህና ክሬማን 10 ዩሮ ነው፣ ርካሹ ሻምፓኝ 28። ለ40 ጠርሙስ 400 ከምትከፍሉና 1,120 ከምትከፍሉ የቱ ይሻላል? በልዩነቱ በሬ ባይገዛም በግ ይገዛል።

«ፕሮሴኮም ክሬማንም ያው ነው።» ፕሮሴኮ የጣሊያን አረፋማ ወይን ነው፤ አብዛኛው ሁለተኛ የሚፈላው እንደ ክሬማን ጠርሙስ ውስጥ ሳይሆን ትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ነው።

«አረፋውን የፈለሰፈው መነኩሴው ዶም ፔሪኞን ነው።» እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሜሬት ስኳር ተጨምሮበት ስለሚያረፋ ወይን ለንደን ላይ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1662 ነው፤ ዶም ፔሪኞን ሻምፓኝ ክልል ወዳለው ወደ ኦቪዬ ገዳም የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1668 ነው።

«የተከፈተው ጠርሙስ አፍ ላይ ማንኪያ ከሰካህ ጋዙ አይሄድም።» ይሄዳል። መክደኛ ግዙ።

«ጠርሙሱ ላይ ኤክስትራ ድራይ የሚለው ስኳር የለውም።» ይኸኛው ሰርግ ያበላሻል። በሊትር ከ12 እስከ 17 ግራም ስኳር አለው፤ ብሩት የሚለው ግን ከ12 በታች ነው። ብሩት ከኬክ ጋር ስታቀርቡ ይመርራል፣ ይኮመጥጣል፣ እንግዳው ፊቱን ያጨማድዳል፤ ከዚያ «ርካሽ ስለሆነ ነው» ይባላል። ለኬኩ ከ32 እስከ 50 ግራም ያለውን ደሚ ሴክ ግዙ፤ ብሩቱን ለመቀበያው፣ ከተጠበሰ ዓሣና ከሳምቡሳ ጋር አቅርቡት። እኚያ እናት ግማሽ በግማሽ አድርገው ወሰዱ።

«ነቅንቀው ካልረጩት ሰርግ አይደምቅም።» በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ግፊት እጥፍ ይበልጣል። አንድ የማውቀው ሚዜ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ሦስት ጊዜ ተሰፍቷል። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ አቀዝቅዙት፣ ሽቦውን ስትፈቱ አውራ ጣታችሁ ከቡሹ ላይ አይነሳ፣ አፉን ከሰው አዙሩ፣ ቡሹን ጭብጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ጠርሙሱን አዙሩት።