እኩል ድምፅ ሲወጣ ማን ያሸንፋል? የሚባለውና እውነታው

ሁለት ተወዳዳሪዎች ድምፃቸው እኩል ቢሆን ምን ይደረጋል? መልስ የሌለው ሰው የለም፤ አብዛኛው መልስ ግን የተሳሳተ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትና ድምፅ የሚሰጡበት ስለሆነ ከአሜሪካዋ የቨርጂኒያ ስቴት እንጀምር።

«ሺዎች በሚመርጡበት ቦታ እኩል መውጣት አይታሰብም»

ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት በ94ኛው የምርጫ ክልል፣ ኒውፖርት ኒውስ ላይ፣ ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲና ዴሞክራቷ ሼሊ ሲሞንድስ ተወዳደሩ። መጀመሪያ ያንሲ በ10 ድምፅ መራ። ዳግም ሲቆጠር ሲሞንድስ በ1 ድምፅ በለጠች፤ ደስታዋ ግን ውሎ አላደረም። በማግስቱ ሦስት ዳኞች ሳይቆጠር የቀረ አንድ ወረቀት ቀረበላቸው። መራጩ የሁለቱንም ክብ አጥቁሮ በሲሞንድስ ክብ ላይ ሰረዝ አሳልፎበታል። ሐሳቡን ቀይሮ ይሆን? ዳኞቹ በሌሎቹ ውድድሮች ሪፐብሊካኖችን መምረጡንም አይተው ድምፁን ለያንሲ ሰጡ። 11,608 ለ11,608 ሆነ። እኔን ከዕጣው ይልቅ የሚገርመኝ ይቺ ሰረዝ ናት።

«እኩል ከሆነ ምርጫው ይደገማል»

እንደየሕጉ ነው። ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ በሚጠየቅበት በአሜሪካዋ የጆርጂያ ስቴት ሁለቱ እንደገና ይወዳደራሉ። የቨርጂኒያ ሕግ ግን ዕጣ ይውጣ ይላል፤ በብሪታንያና በህንድ የፓርላማ ምርጫም እንደዚሁ ነው። በሥልጣን ላይ ያለው ቅድሚያ ያገኛል የሚሉም አሉ፤ ያንሲ ወንበሩን ይዞ ነበር የተወዳደረው፣ ግን ምንም አልጠቀመውም።

«ዕጣ ማለት ቀልድ ነው»

ዕቁብ የጣለ ሰው ዕጣ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ውስጥ፣ ካሜራ ፊት፣ የሁለቱ ስም በወረቀት ተጽፎ በየፎቶ ፊልም ማስቀመጫ ብልቃጥ ገባ፤ ብልቃጦቹም በሸክላ ሳህን ውስጥ ተደባለቁ። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ አንዱን አነሳ፤ ያንሲ ወጣ። ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ይዘው ቀጠሉ። የሲሞንድስ ስም ወጥቶ ቢሆን 50 ለ50 ይሆን ነበር። እሷም በ2019 ተመልሳ ተወዳድራ አሸነፈችው፤ ያን ጊዜ ዕጣ አላስፈለገም።

«ፕሬዚዳንቱም በዕጣ ይለያል»

አይለይም። የአሜሪካን ፕሬዚዳንት የሚመርጡት የየስቴቱ ወኪል መራጮች (ኤሌክተሮች) ናቸው፤ የዕጩዎቹ የኤሌክተር ድምፅ 269 ለ269 ከሆነ ጉዳዩ ወደ ፌዴራሉ የተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል። እዚያ የሚቆጠረው የአባላቱ ሳይሆን የየስቴቱ ድምፅ ነው፤ ትልቋ ካሊፎርኒያም ትንሿ ዋዮሚንግም አንድ አንድ ብቻ አላቸው፤ ለማሸነፍ 26 ያስፈልጋል። ምክትሉን ሴኔቱ ይመርጣል። በ1800ው ምርጫ ቶማስ ጄፈርሰንና አሮን በር በኤሌክተሮች ድምፅ 73 ለ73 ሲሆኑ ምክር ቤቱ ጄፈርሰንን የመረጠው በ36ኛው ዙር ነበር።

«ዕጣው ከወጣ በኋላ ነገሩ አለቀ»

ቨርጂኒያ ውስጥ በዕጣ የተሸነፈ ሰው ቆጠራ እንዲደገም መጠየቅ ይችላል። የሚሲሲፒው ደግሞ ይብሳል። በ2015 ለስቴቱ የተወካዮች ምክር ቤት ዴሞክራቱ ቦ ኢተንና ሪፐብሊካኑ ማርክ ቱሎስ 4,589 ለ4,589 ወጡ። ዕጣው በጭድ ሆነና አሸናፊ የሚያደርገው ረጅሙ ለኢተን ደረሰ። ቱሎስ ግን ለስቴቱ ምክር ቤት አቤት አለ፤ ሪፐብሊካኖች የሚበዙበት ምክር ቤትም ጥቂት የድምፅ ወረቀቶችን ውድቅ አድርጎ ወንበሩን ለቱሎስ ሰጠ። ፓርቲውም በግብር ጉዳይ የሚያስፈልገውን ሦስት አምስተኛ ድምፅ በዚያ ወንበር ሞላ።