የካሴት ክምችት በኢትዮጵያ ቤት

የካሴት ክምችት አንድ ቤተሰብ ለዓመታት እየገዛ፣ እያስቀዳና እየተዋሰ ያጠራቀመው የዘፈን፣ የመዝሙር፣ የመንዙማና የድምፅ መልእክት ሀብት ነው። ከ1970ዎቹ ማብቂያ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በኢትዮጵያ ከተሞች ከሬዲዮ ቀጥሎ ሙዚቃ በቤት ውስጥ የሚደመጠው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቦታውም የታወቀ ነው፤ ሳሎን፣ ቡፌው ውስጥ ወይም ላዩ ላይ፣ ዳንቴል ከለበሰው ቴፕ አጠገብ። ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ሲነሳ ስለ ድምፃውያኑና ስለ ባንዶቹ ብዙ ይወራል፤ ሥራቸውን ተቀብለው ስላኖሩት ስለ እነዚያ ቡፌዎች ግን እምብዛም አይነገርም። እኔ ቡፌው የሙዚቃው ታሪክ ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሸክላ ወደ ክር

የኢትዮጵያዊ ዘፈን ተቀርጾ መቀመጥ የጀመረው ካሴት ከመፈልሰፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 በርሊን ሳሉ ያስቀረጿቸው ሸክላዎች በቀዳሚነታቸው ይታወቃሉ። ሆኖም ሸክላና ግራሞፎን ለረዥም ጊዜ አቅሙ ባለው ቤት ብቻ የሚገኙ ዕቃዎች ነበሩ። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትም በንጉሡ ዘመን በ1948 በወጣ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን አልፎ በ1969 በግሉ ዘመናዊ ሙዚቃ ማሳተም የጀመረው ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ነው። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ትንንሽ ሸክላዎችንና ጥቂት ረዣዥሞችን አወጣ። አሊ ታንጎ በመባል የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋም ብዙም ሳይቆይ ተከተለው።

የዚያ ሥራ ችግር ሸክላው የሚታተመው ውጭ ሀገር መሆኑ ነበር። ቅጂው ይላካል፣ ታትሞ እስኪመለስ ይጠበቃል፣ ቀረጥ ይከፈላል። ካሴት ይህን ሁሉ አስቀረ። ፊሊፕስ ኩባንያ በ1963 በርሊን ላይ ለሕዝብ ያቀረበው ይህ ትንሽ ሣጥን ወርዱ 3.81 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በብረት ኦክሳይድ የተቀባ ቀጭን የፕላስቲክ ክር በውስጡ ይዟል፤ ክሩም በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጓዛል። ለማባዛት ፋብሪካ አያስፈልገውም። ባዶ ካሴትና ሁለት ቴፕ ያለው ባለሱቅ መርካቶ ተቀምጦ ሊያባዛው ይችላል። በ1970ዎቹ ማብቂያ የኢትዮጵያ ሸክላ ኅትመት ሲቆም ካሴቱ ሜዳውን ብቻውን ያዘ።

ፖለቲካውም አግዞታል። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ አዲስ አበባ ለ17 ዓመታት ያህል በሰዓት እላፊ ኖረች። ማታ ወጥቶ ባንድ የሚያዳምጠው ሰው እየሳሳ ሄደ፤ የምሽት ክበብ የገባ ሰው ሰዓቱ ከደረሰበት እስኪነጋ እዚያው ተቆልፎበት ያድር ነበር። ለቀረው ሰው ምሽቱ በሙሉ የቤት ምሽት ሆነ። በሩ ተቀርቅሮ፣ ድምፁ ጎረቤት እንዳይረብሽ ዝቅ ተደርጎ የሚደመጠው ካሴት የዚያ ዘመን መዝናኛ ነው። ሮሃ ባንድን አንጋፋና ወጣት ድምፃውያንን ሲያጅብ ያወቀው ትውልድ በአብዛኛው ያወቀው መድረክ ላይ ሳይሆን ከቴፑ ፊት ተቀምጦ ነው።

ሙዚቃ ቤት

ካሴት የሚሸጥበት ሱቅ ሙዚቃ ቤት ይባል ነበር። አምባሰልና ኤሌክትራን የመሳሰሉት ከመሸጥ አልፈው አሳታሚም ነበሩ፤ ስማቸው በካሴቱ ሽፋን ላይ ከድምፃዊው ፎቶ ሥር ይታተም ነበር። አዲስ ካሴት ብዙ ጊዜ የሚወጣው ለበዓል ነበር። እንቁጣጣሽ፣ ገና ወይም ፋሲካ ሲቃረብ ግድግዳው ሁሉ በፖስተር ይለበጣል፤ እያንዳንዱ ሙዚቃ ቤት በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ አውጥቶ አንዱን ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኸዋል። ሰው በግና ዶሮ ለመግዛት ሲወጣ ዘፈኑን ሳያስበው ሸምድዶት ይመለስ ነበር።

ሙዚቃ ቤት ሌላም አገልግሎት ነበረው፤ ማስቀዳት። ደንበኛው ባለ 60 ወይም ባለ 90 ደቂቃ ባዶ ካሴት ገዝቶ የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ይሰጥና ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይወስዳል። ሰውን በትክክል የሚገልጠው የታተመው ካሴት ሳይሆን ይህ በትእዛዝ የተቀዳው ነው። የታተመው ድምፃዊው የመረጠው ቅደም ተከተል ነው፤ የተቀዳው ግን የባለቤቱ ነው። ከጥላሁን ገሠሠ ቀጥሎ ብዙነሽ በቀለን፣ ከእርሷ ቀጥሎ አንድ የሱዳን ዘፈን፣ በመጨረሻም ክሩ ሲያልቅ መሐል ላይ የተቆረጠ ትዝታ። ወጣቶች ለፍቅረኛቸው የሚያስቀዱት ካሴት ከደብዳቤ ባልተናነሰ በጥንቃቄ የታሰበ ነበር፤ የዘፈኖቹ ተራ ራሱ መልእክት ነው።

ማስቀዳት ግን የጨለመ ገጽም አለው። ባለሙያዎቹ ከተቀዳው ካሴት አንድም ሳንቲም አያገኙም ነበር፤ ከዚያም አልፎ ሐሰተኛ ሽፋን እየለጠፉ በሺዎች የሚያባዙ ነጋዴዎች ኑሯቸውን አናጉት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ2004 ነው፤ ያን ጊዜ የካሴት ዘመን ወደ ማብቂያው ተቃርቦ ነበር። እነዚህን የተቀዱ ካሴቶች የምወድ ሰው ብሆንም ይህን በደል ሸፍኖ ማለፍ አይገባም።

አደማመጥ

ካሴት የቀኑን ሥራ ይከተላል። ቅዳሜ ልብስ ሲታጠብ፣ ማታ ካውያ ሲደረግ፣ እሑድ ቡና ሲፈላ የሚከፈተው የተለያየ ነው። በብዙ የኦርቶዶክስ ቤቶች ዐቢይ ጾም ሲገባ የዘፈን ካሴቶች ወደ ኋላ ተገፍተው መዝሙሮቹ ወደ ፊት ይመጣሉ፤ ለፋሲካ እንደገና ይገለበጣል። በሙስሊም ቤቶች የረመዳንና የመውሊድ ሰሞን የመንዙማው ነው። መደርደሪያው በዚህ መልኩ የዓመቱን ዙር ያሳያል።

ዘፈን መዝለል አድካሚ ስለነበር ካሴት ከዳር እስከ ዳር ይደመጥ ነበር። ወደ ፊት አስሩጦ ትክክለኛው ቦታ ላይ ማቆም ልምድ ይጠይቃል፤ ሁልጊዜ ማስሮጥ ደግሞ ባትሪ ድንጋይ ይጨርሳል፣ ክሩንም ያደክማል። ከዚህ የተነሳ ዘፈኖች በአድማጩ ጆሮ ውስጥ በተራቸው ተያይዘው ቀሩ። የኤፍሬም ታምሩን ወይም የአስቴር አወቀን አንድ ካሴት ለዓመታት ያዳመጠ ሰው አንዱ ዘፈን ሲያልቅ የሚቀጥለው ገና ሳይጀምር በአፉ ላይ ይመጣበታል። ዛሬ ያንኑ ዘፈን ከስልኩ ሲከፍት ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ሲሆን እንግዳ ስሜት ይሰማዋል።

መብራት በሌለበት ገጠር ቴፑ የሚሠራው በትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረና እየተጎተተ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት የተለመደ ነበር። ከዓረብ ሀገር ሥራ የተመለሱ ሴቶች ለወላጆቻቸው ከሚያመጧቸው ስጦታዎች አንዱ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ነበር። ካሴቱም በተራው ድምፅ ተቀርጾበት ይላላክ ነበር፤ ማንበብ የማይችሉ እናት ባሕር ማዶ ካለ ልጃቸው ጋር የሚነጋገሩት፣ ምርቃታቸውንም የሚያደርሱት በእርሱ ነው።

ማዋስ ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረው። የባለቤቱ ስም በሽፋኑ ውስጥ በእስክሪብቶ ይጻፋል፤ በጣም የተወደደው ካሴት ደግሞ እንዲህ ተጽፎበትም አይወጣም። ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሄዶ የቀረው ካሴት ብዙ ነው፤ ሽፋኑ ብቻ ባዶውን የቀረባቸው ቤቶችም ጥቂት አይደሉም።

አያያዝ

የካሴት ጠላቶቹ ሙቀት፣ አቧራ፣ እርጥበትና ማግኔት ናቸው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የተተወ ካሴት ሣጥኑ ይጣመማል፤ ከትልቅ ድምፅ ማጉያ ጋር ተጠግቶ የኖረ ድምፁ ሊደክም ይችላል። ቴፑ ክሩን ሲበላ ቀስ ብሎ ማላቀቅ፣ ከዚያም እርሳስ ወይም ባለ ስድስት ማዕዘን እስክሪብቶ በጥርሱ ቀዳዳ አስገብቶ መጠቅለል ሁሉም ልጅ የሚያውቀው ሙያ ነበር። የተበጠሰው በቀጭን ፕላስተር ይቀጠላል፤ በዚያ ስፍራ ዘፈኑ ለቅጽበት ይዘላል። የቴፑ ራስ ሲቆሽሽ ድምፁ ይታፈናል፤ አልኮል በተነከረ ጥጥ ማጽዳት ይበቃል። ከካሴቱ ጀርባ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ከተሰበሩ በላዩ መቅዳት አይቻልም፤ ሐሳቡን የለወጠ ሰው ቀዳዳውን በፕላስተር ሸፍኖ መልሶ ይቀዳበታል። ስንት ውድ ቅጂ በዚህ ፕላስተር ምክንያት እንደጠፋ ሳስበው ያሳዝነኛል።

ካሴቱ ዛሬ

ሲዲ፣ ቀጥሎም በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ የሚሞላ ዘፈን ካሴትን ከገበያ አስወጣው። አሁን ሰው ሙዚቃውን ከዩቲዩብና ከቴሌግራም ያገኛል። ክምችቶቹ ግን አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይና በየጓዳው በካርቶን ታሽገው አሉ፤ ምን ሊይዙ እንደሚችሉም የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ያሳያል። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ በ1985 አኮርዲዮንን ከኪቦርድ ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት አወጣ፤ ኋላም ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ። የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። በ2013 በሸክላና በሲዲ እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ። አንድ ሰው ባሕር ዳር ላይ ያንን ቅጂ ባያኖረው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

ክምችቱን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ከባድ አይደለም። የሚሠራ ቴፕ፣ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄድ ገመድና አንድ ነፃ የመቅጃ ፕሮግራም ይበቃል። ለዓመታት ያልተነካ ካሴት ከመከፈቱ በፊት አንድ ጊዜ እስከ ዳር ሄዶ ቢመለስ ክሩ ይላቀቃል። 60 ደቂቃውን ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ አቋራጭ መንገድ ባይፈለግ ይሻላል። የሽፋኑን ፊትና ጀርባ፣ በእጅ የተጻፈውንም ጭምር ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል፤ የአጃቢው ባንድና የግጥም ደራሲው ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን በተለይ አደራ እላለሁ። በጥንት ጊዜ ከሬዲዮ የሚቀዳው ቴፑን ሬዲዮው ፊት አስቀምጦ በራሱ ማይክሮፎን ስለነበር የክፍሉ ድምፅ አብሮ ገብቷል። በእኛ ቤት ባለ አንድ ካሴት ላይ ማህሙድ አህመድ እየዘፈነ በር ይንኳኳል፣ ዶሮ ይጮኻል፣ ከዚያም እናቴ ከጓዳ ሆና ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ኑ ትላለች። ፕሮግራሙ እንዲህ ያለውን ጫጫታ የሚያጠፋ ቁልፍ አለው። አትጫኑት።