አሲሞቭ አላለም፤ ቢልም እንደዚያ ማለቱ አይደለም

በቅርቡ አንድ የምረቃ በዓል ላይ የክብር እንግዳው ንግግራቸውን በጥቅስ ከፈቱ። «ታላቁ የሳይንስ ልቦለድ ደራሲ አይዛክ አሲሞቭ እንዳለው፣ ዓመፅ ብቃት የሌለው ሰው የመጨረሻ መጠጊያ ነው።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ጥርሴን ነከስኩ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ አመሌን ታውቃለች።

ተማሪዎችን ሮቦት ማሠራት የዕለት እንጀራዬ ነው። የአሲሞቭን ጥቅስ በቃሉ የማይወጣ ተማሪ ብዙም አይገጥመኝም። መጽሐፉን ያነበበው ግን በጣት ይቆጠራል። ስለዚህ ሁሌ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላውጣቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

«ሮቦት የሚለውን ቃል የፈጠረው እሱ ነው።» አይደለም። ቃሉ የመጣው ከቼኩ ጸሐፊ ከካሬል ቻፔክ የ1920 ተውኔት ነው። አሲሞቭ ያኔ ገና ጡት አልጣለም። የእሱ ቃል «ሮቦቲክስ» ነው፤ ያውም ድሮም ያለ ቃል መስሎት ነው የጻፈው።

«የእኔ ድንቁርና ከአንተ ዕውቀት አያንስም ብሏል።» ቃሉ የልቦለድ አይደለም፤ በ1980 ኒውስዊክ መጽሔት ላይ ከጻፈው የመጣ ነው። እንደዚያ የሚያስቡ ሰዎችን ሲወቅስ ነው የጻፈው። የወቀሰውን ለእሱ መልሶ ማሸከም ግፍ ነው።

«ሳይኮሂስቶሪ የእያንዳንዱን ሰው ዕጣ ይተነብያል።» ሳይኮሂስቶሪ በአሲሞቭ ልቦለድ ውስጥ መጪውን ጊዜ በሂሳብ የሚተነብይ የፈጠራ ሳይንስ ነው፤ የሚሠራው ግን ለብዙ ሕዝብ ብቻ ነው። አንድ ያልተጠበቀ ሰው ሲመጣ ዕቅዱ እንዴት እንደሚፈርስ ራሱ አሲሞቭ ጽፎታል።

አሁን ወደ ክብር እንግዳችን እንመለስ። ያንን ቃል የተናገረው ሳልቮር ሃርዲን ነው፤ በ1951 በወጣው «ፋውንዴሽን» በተባለው የአሲሞቭ ልቦለድ ውስጥ ተርሚነስ የምትባል የዳር ፕላኔት ከንቲባ። በድራማ ላይ ክፉ ሆኖ የሠራውን ተዋናይ ታክሲ ውስጥ ሲያገኙት የሚሰድቡ ሰዎች አሉ አይደል? ገጸ ባሕርይ የተናገረውን ደራሲው ላይ መለጠፍም ያው ነው።

ደግሞ ሃርዲን ማን ሆነና! ሥልጣን የያዘው ደም ባይፈስበትም በመፈንቅለ መንግሥት ነው። ጎረቤት ነገሥታት ሊውጡት ሲያሰፈስፉ የአቶም ዕውቀትን ሃይማኖት አስመስሎ ሰጣቸው፤ ካህናቱን ያሠለጠነው የእሱው ወገን ነው። በመጨረሻ ወራሪው መርከብ ሲመጣ ካህኑ መርከቡን ረገመው፣ የመርከቡ ኃይል ጠፋ፣ ወታደሮቹም በአዛዣቸው ላይ ተነሡ። ስለዚህ የሃርዲን ቃል የሰላም ስብከት አይደለም። ብልሃት ያለው ሰው ጥይት አያባክንም ነው የሚለው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላም አባባል አለችው፤ የሥነ ምግባር ስሜትህ ትክክለኛውን ነገር ከማድረግ እንዳያግድህ የምትል። እሷን የምረቃ ካርድ ላይ አይቻት አላውቅም።

የእኔ ዋና ሕመም ግን አሲሞቭ በልቦለዶቹ ለሮቦቶች ያወጣቸው ሦስቱ ሕጎች ናቸው። ሮቦት ሰውን አይጎዳም፤ እጁን አጣጥፎም ሰው ሲጎዳ አያይም። ይህን ካልጣሰ በቀር የሰው ትእዛዝ ይፈጽማል። ከሁለቱ ጋር ካልተጋጨ ደግሞ ራሱን ይጠብቃል። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2018 አዲስ አበባ ስትመጣ፣ አንድ አጎቴ ደውሎ «ሦስቱ ሕጎች ተጭነውላታል አይደል?» አለኝ። ሶፍትዌሯ ላይ አይኮግ ላብስ የተባለው የአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ድርጅት ልጆችም እንደሠሩ ነግሬ ላኮራው ነበር። እሱ ግን ሕጉን ብቻ ነው የፈለገው።

ጋሼ፣ የሚጫን ሕግ የለም። ልቦለድ ነው። ልቦለዱም ቢሆን ሕጎቹ እንዴት እንደሚያደናቅፉ የሚያሳይ ነው።

ሕጎቹ ሦስት ሆነው የተጻፉት በ1942 «ረናራውንድ» በሚል አጭር ታሪክ ነው። ቦታው ሜርኩሪ ነው። ስፒዲ የተባለ ሮቦት ሴሌኒየም እንዲያመጣ ይላካል፤ ካላመጣ እዚያ ያሉት ሁለት ሰዎች በፀሐይ ይጠበሳሉ። ትእዛዙ ግን እንደ ዋዛ የተነገረ ነው። ስፒዲ ደግሞ ውድ ስለሆነ ራሱን የመጠበቅ ሕጉ ጠንከር ተደርጎለታል። ሴሌኒየሙ አጠገብ አደጋ አለ። ሲጠጋ ሦስተኛው ሕግ ይመልሰዋል፤ ሲርቅ ሁለተኛው ይጎትተዋል። ምስኪኑ እንደ ሰከረ ሰው እየዘፈነ ኩሬውን ይዞራል። ያዳናቸው ከሁለቱ አንዱ ራሱን ለሞት ማጋለጡ ነው፤ ያኔ አንደኛው ሕግ ሁሉን ረትቶ ስፒዲን አነቃው።

ከዚያ በፊት በ1941 ደግሞ ሐሳብ የሚያነብ ኸርቢ የሚባል ሮቦት ነበር። የሰው ልብ መስበርም ጉዳት ነው ብሎ ሁሉንም መስማት የሚፈልጉትን ውሸት ነገራቸው። ስንቱን እንዳቆሰለ አስቡት። ሁለቱም ሮቦቶች ሕጉን አልጣሱም፤ ጣጣው የመጣው በመታዘዛቸው ነው። ይህን ያነበበ ሰው ሦስቱን ሕጎች እንደ ዋስትና ወረቀት አይጠቅስም።

እውነተኛ የፋብሪካ ሮቦት የሚጠበቀው በአጥር፣ በሴንሰርና በቀይ ማቆሚያ ቁልፍ ነው። ልጅዎ ሮቦት ሊሠራ ከሆነ መጀመሪያ ቁልፉን ያስገጥም። ቁልፉ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ ከጠረጴዛው ሥር የገጠመ አይቻለሁ። ከዚያ ጥቅስ ይለጥፍ።

አንድ ተማሪዬ በዚህ አልተስማማም። «አንደኛውን ሕግ በኮድ እጽፈዋለሁ» አለኝ። «ጉዳት ማለት ምን ማለት እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፍልኝ» አልኩት። አንድ ሳምንት ጠፋ። ሲመለስ ሕጉ «ከፊትህ 40 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሆነ ነገር ካለ ቁም» ሆኗል። ሞከርነው። ሮቦቱ ሄደ፣ ሄደ፣ ባዶ ወንበር ፊት ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ክፍሉ በሙሉ «ኖር!» አለው።