ስቲቭ ስሚዝ የተባሉ ስፖርተኞች

ስቲቭ ስሚዝ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች የስፖርት መዝገቦች ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥም ስም ነው። ስሚዝ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ከሁሉም በላይ የተለመደ የቤተሰብ ስም በመሆኑ ስሙን ብቻ ይዞ ውጤት የሚፈልግ ሰው የአንዱን ሜዳልያ ለሌላው መስጠቱ አይቀርም። እዚህ የቀረቡት በከፍተኛ ደረጃ የተወዳደሩት ናቸው፤ ዓመቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ ስሙ ሲጠራ አብዛኛው ሰው የሚያስበው በ1989 ሲድኒ የተወለደውን የአውስትራሊያ ክሪኬት ተጫዋች ነው። በ2010 በለንደኑ ሎርድስ ሜዳ ከፓኪስታን ጋር የመጀመሪያ የቴስት (በአገሮች መካከል እስከ አምስት ቀን የሚዘልቅ የክሪኬት ዓይነት) ግጥሚያውን ሲያደርግ የታየው እንደ ወርዋሪ ነበር፤ ለመምታት የገባውም ስምንተኛ ሆኖ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በዓለም አሉ ከሚባሉት መቺዎች አንዱ ሆነ፤ ብሔራዊ ቡድኑንም በአምበልነት መራ። በመጋቢት 2018 በኬፕታውን ከደቡብ አፍሪካ ጋር በተደረገ ግጥሚያ አንድ የቡድን ባልደረባው ሕግ ጥሶ ኳሱን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ በካሜራ ተያዘ፤ ዕቅዱን እያወቀ ያላስቆመው ስሚዝም አምበልነቱን ተነጥቆ ለ12 ወራት ታገደ። ሲመለስ በ2019 አውስትራሊያና እንግሊዝ በሚፋለሙበት የአሽስ ውድድር በአራት ግጥሚያዎች 774 ነጥብ አስመዘገበ፤ በመካከል አንገቱን በኳስ ተመትቶ አንድ ግጥሚያ እንዳመለጠው ልብ ይሏል። በጥር 2025 በቴስት ክሪኬት 10,000 ነጥብ አልፏል። ከቀድሞው ዝነኛ መቺ ከዶን ብራድማን ወዲህ የተነሣ ምርጥ የአውስትራሊያ መቺ እርሱ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሙግቱ ግን አልተቋጨም።

በበረዶ ሆኪ የሚታወቀው ስቲቭ ስሚዝ በ1963 በስኮትላንድ ግላስጎው ተወልዶ ካናዳ ያደገ ተከላካይ ነው። የእርሱን ታሪክ በአጭሩ ማለፍ አይቻልም። ቡድኑ ኤድመንተን ኦይለርስ በ1984 እና በ1985 የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ ሻምፒዮን የሚሸለመውን የስታንሊ ዋንጫን አንሥቶ በ1986 ለሦስተኛ ጊዜ በሚገሠግሥበት ወቅት፣ ከካልጋሪ ፍሌምስ ጋር የነበረው ፍልሚያ ወደ ሰባተኛውና ወሳኙ ጨዋታ አመራ። ቀኑ ሚያዝያ 30 ነበር፤ የስሚዝ 23ኛ የልደት ቀን። ውጤቱ 2 ለ 2 ሳለ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ስሚዝ ከራሱ ግብ ኋላ ሆኖ ፐኩን (በሆኪ በኳስ ፈንታ የሚመታውን ጠፍጣፋ ክብ ነገር) ወደ ፊት ሲያቀብል የግብ ጠባቂውን የግራንት ፉርን እግር መትቶ ወደ መረቡ ገባ። ግቡ በሕጉ መሠረት የተመዘገበው ፐኩን በመጨረሻ ለነካው የካልጋሪ ተጫዋች ለፔሪ ቤሬዛን ነው፤ እርሱ ግን በዚያች ቅጽበት ወደ ተቀያሪዎች ወንበር ሄዶ ነበር። የሚገርመው ቤሬዛን ራሱ የኤድመንተን ተወላጅ ነው። ጨዋታው 3 ለ 2 አለቀ።

ሽንፈቱን በስሚዝ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ግቡ ሲቆጠር ወደ 15 ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ቀርቶ ነበር፤ በዓለም አስፈሪ የሚባለው የኤድመንተን አጥቂ መስመርም አንዲት ግብ ማግኘት አልቻለም። ያም ሆኖ የካልጋሪ ደጋፊዎች ስሚዝ ከግቡ ኋላ ፐክ በያዘ ቁጥር «ምታው!» እያሉ ሲያላግጡበት ኖረዋል። በ1987 ኤድመንተን ዋንጫውን መልሶ ሲያነሣ አምበሉ ዌይን ግሬትስኪ ከተቀበለ በኋላ መጀመሪያ ያስረከበው ለስሚዝ ነው። ስሚዝ በ1988 እና በ1990ም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በኋላ ደግሞ ያው ካልጋሪ አምበል አድርጎታል።

በአትሌቲክስ ያለው ስቲቭ ስሚዝ ከሚገባው በታች ይወሳል። በ1973 ሊቨርፑል የተወለደው ይህ እንግሊዛዊ ከፍታ ዘላይ በ1992 ሴኡል ላይ 2.37 ሜትር ዘልሎ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሲሆን የዕድሜ ክልሉን የዓለም ክብረ ወሰንም ተጋርቷል። በቀጣዩ ዓመት በሽቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮና ያንኑ 2.37 ደግሞ ነሐስ ወሰደ፤ ወርቁን ያገኘው ኩባዊው ሃቪየር ሶቶማዮር ነበር። በ1996 አትላንታ ኦሊምፒክ 2.35 ዘልሎ ዳግመኛ ነሐስ አገኘ። እዚህ ከተነሡት ስሚዞች መካከል በግል ውድድር የኦሊምፒክ ሜዳልያ ያጠለቀ እርሱ ብቻ ነው።

የቅርጫት ኳሱ ስቲቭ ስሚዝ ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ1991 የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት በማያሚ ሂት በአምስተኛነት ተመረጠ። በ2000 ሲድኒ ከአሜሪካ ቡድን ጋር የኦሊምፒክ ወርቅ፣ በ2003 ከሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ጋር የኤንቢኤ ሻምፒዮንነት አግኝቷል። ለዩኒቨርሲቲው በሰጠው 2.5 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው የስፖርተኛ ተማሪዎች መማሪያ ማዕከል በእናቱ ስም ይጠራል።

በራግቢ ስቲቭ ስሚዝ በ1980 ግራንድ ስላም ያሸነፈው፣ ማለትም የአምስቱን አገሮች ውድድር ጨዋታዎች በሙሉ የረታው የእንግሊዝ ቡድን አባል ነበር። ስቲቪ እየተባለም የሚጠራው ካናዳዊው የተራራ ብስክሌት ተወዳዳሪ በ2013 የቁልቁለት ግልቢያ የዓለም ዋንጫን በአጠቃላይ ነጥብ አሸነፈ፤ በ2016 በሞተር ብስክሌት አደጋ ሕይወቱ አልፏል።

ስሙ ይበልጥ የሚያደናግረው በአሜሪካ እግር ኳስ ነው፤ በአንድ ሊግ ውስጥ በተመሳሳይ ዓመታት ሁለት ስቲቭ ስሚዞች ኳስ ተቀባይ ሆነው ተጫውተዋል። ሲኒየር የሚባለው፣ የካሮላይና ፓንተርሱ፣ በ2005 በተቀበላቸው ኳሶች ብዛት፣ በያርድና በተቀባይነት ባስቆጠራቸው ግቦች ሊጉን መርቷል፤ ቁመቱ 1.75 ሜትር ገደማ ለሆነ ተጫዋች ቀላል ነገር አይደለም። ሌላው ከኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ሱፐር ቦውልን አሸንፎ በ2009 107 ኳሶችን ተቀበለ። ከእነርሱ በፊትም በሬይደርስ ቡድን ኳስ ይዘው ለሚሮጡት ለማርከስ አለንና ለቦ ጃክሰን ተከላካዮችን እየገፋ መንገድ ይጠርግ የነበረ ሦስተኛ ስቲቭ ስሚዝ ነበር። ተቀባዮቹን በመዝገብ ለመለየት የሚያስተማምነው የልደት ዓመታቸው ነው፦ ሲኒየር በ1979፣ የጃያንትሱ በ1985 ተወልደዋል።