ካናዳ ነጻ የወጣችው መቼ ነው?

አንዱ 1867፣ ሌላው 1931፣ ሦስተኛው 1982 ይላል (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። ግራ የሚያጋባው ነጻነቱ በአንድ ቀን ስላልመጣ ነው። በ1867 የተገኘው የውስጥ አስተዳደር ነው፤ የውጭ ጉዳይ ለንደን እጅ ቀረ። በ1914 እንግሊዝ ጦርነት ስታውጅ ካናዳም ሳትጠየቅ ገባችበት። በ1939 ግን የራሷ ፓርላማ መክሮ፣ ከእንግሊዝ ሳምንት ዘግይታ ለብቻዋ አወጀች። በመሃል የለንደን ፓርላማ ካናዳ ሳትጠይቅና ሳትስማማ ሕግ እንዳያወጣላት ያደረገው የ1931ዱ የዌስትሚንስተር ሕግ አለ፤ ለእኔ ትልቁ እርምጃ እሱ ነው። የሕገ መንግሥቷን ዋና ዋና ክፍሎች ያለ ለንደን ፓርላማ ማሻሻል የቻለችው ግን በ1982 ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ ይህን ያጸናውን አዋጅ ኦታዋ ላይ ሲፈርሙ ዝናብ ጠብ ብሎ ቀለሙን አደበዘዘው፤ ምልክቱ ወረቀቱ ላይ ቀርቷል።

ዓመቶቹ አያከራክሩም፤ የሚያከራክረው «ዋናው የቱ ነው?» የሚለው ነው። ንጉሥ ቻርለስ ዛሬም የካናዳ ንጉሥ ናቸው፤ እንግሊዝ ታዛታለች ማለት ግን አይደለም፤ የካናዳ ዘውድ በሕግ ለብቻው ይቆጠራል።