«1-10-1»፦ አሥሩ ደቂቃ የመዋኛ ፈቃድ አይደለም

በፊንላንድና በስዊድን በብርዱ ወራት የሐይቅ በረዶ ቆርጠው ለሚዋኙ ሰዎች «1-10-1» (1 ደቂቃ፣ 10 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት) የሚባለው የበረዷማ ውሃ ደንብ አዲስ አይደለም። ያስተዋወቀው ካናዳዊው የብርድ ተመራማሪ ጎርደን ጊስብሬክት ነው። ብዙዎች ግን መካከለኛውን ቁጥር «አሥር ደቂቃ መዋኘት ይቻላል» ብለው ይረዱታል። ይህ አደገኛ ነው፤ ደንቡ የወጣው ሳያስበው በረዷማ ውሃ ውስጥ ለወደቀ ሰው ነው።

የመጀመሪያው 1 አንድ ደቂቃ ነው። ቆዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፣ ትንፋሹም ይቆራረጣል። ያኔ አፉ ከውሃ በታች ከሆነ ውሃ ወደ ሳንባው ይገባል። ስለዚህ ዘሎ መግባት ክልክል ነው፤ በመሰላል ቀስ ብሎ ወርዶ፣ መሰላሉን እንደያዙ አየሩን በረጅሙ እያስወጡ ትንፋሽ እስኪረጋ መጠበቅ ነው።

10 ደቂቃው እጅና እግር እስኪዝሉ ያለው ጊዜ ነው። ሰውነት ደሙን ወደ መሃል ስለሚሰበስብ ጡንቻ ይዝላል፣ መሰላል ጨብጦ መውጣትም ያቅታል። ውሃው ወደ 0 ዲግሪ ከተጠጋ ጣቶች ከዚያ ቀድመው ይደነዝዛሉ። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት አልገናኝ ካሉ ወዲያው መውጣት ያስፈልጋል።

የመጨረሻው 1 አንድ ሰዓት ነው፤ የሰውነት ሙቀት ወርዶ ራስን እስከ መሳት ያለው ግምት። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ሰው ግን እዚያ ሳይደርስ ሊሰጥም ይችላል።

ደንቡ ከውሃ ከወጡ በኋላ ስላለው ነገር አይናገርም። የሰውነት ሙቀት ለተወሰነ ጊዜ መውረዱን ይቀጥላል፤ ቶሎ ደርቆ ደረቅ ልብስ መደራረብ ይቀድማል፣ ትኩስ ሻወር ራስ ሊያዞር ስለሚችል ይቆይ።