400 ነቢያት በአንድ አፍ

ወገኖቼ፣ ስብሰባ ላይ ሁሉም «አሜን» ሲል ደስ ይለናል። «ተስማምተናል፣ ጌታ ተናግሯል ማለት ነው» እንላለን። 1ኛ ነገሥት 22ን ካነበብኩ ወዲህ ግን ይህን ለማለት አልቸኩልም።

የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ ሬማት ዘገለዓድ የምትባለውን ከተማ ከሶርያ ንጉሥ ለማስመለስ ፈለገ። ፍላጎቱን ማንንም ሳይጠይቅ በአገልጋዮቹ ፊት ተናገረ። የይሁዳ ንጉሥ ኢዮሣፍጥም «እኔ እንደ አንተ ነኝ» ብሎ አብሮት ሊዘምት ቃሉን ሰጠው። «እስኪ እግዚአብሔርን ጠይቅ» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ተወሰነ፣ ጸሎቱ ቀጠለ። ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገናል!

400 የሚያህሉ ነቢያት «ውጣ» አሉ። ከእነሱ አንዱ ሴዴቅያስማ የብረት ቀንድ ሠርቶ መጣ። የእግዚአብሔር ነቢይ ሚክያስ ግን ለምን አልተጠራም? አክዓብ ራሱ ነገረን፤ መልካም ነገር ስለማይናገርልኝ እጠላዋለሁ አለ። መሪ እንዲህ ሲል የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ ደፍሮ ይናገራል?

እኔን በጣም የሚነካኝ ግን ሚክያስን ሊጠራ የሄደው መልእክተኛ ነው። «ሁሉም በአንድ አፍ ለንጉሡ መልካም ተናግረዋል፤ አንተም እንደነሱ ተናገር» ብሎ ለመነው። ክፉ ሰው አይመስለኝም። ሰላም ፈልጎ ይሆናል። እኔም እሱን ሆኜ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ የአገልጋዮች ስብሰባ ላይ አጠገቤ የነበረ ወጣት ወንድም እጁን ሊያወጣ ሲል ክንዱን ያዝኩት። «ተወው፣ ሁሉም ተስማምቷል» አልኩት። ዝም አለ። ስህተታችን የገባን ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

ሚክያስ እውነቱን፣ ሽንፈት እንደሚመጣ፣ ተናግሮ በጥፊ ተመታ፣ ታሰረ። ኢዮሣፍጥ ሁሉን ሰምቶ አብሮ ዘመተ፤ ለጥቂት ተረፈ። አክዓብ ማታውኑ ሞተ።

በሐዋርያት ሥራ 15 የኢየሩሳሌም ጉባኤ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ብዙ ክርክር ነበር። ከዚያ ጴጥሮስ ተናገረ፣ በርናባስና ጳውሎስ ያዩትን መሰከሩ። የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበረው ያዕቆብ አፉን የከፈተው እነሱ ዝም ካሉ በኋላ ነው። «መንፈስ ቅዱስና እኛ» የሚለው ደብዳቤ የተጻፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ መሪዎች ሆይ፣ እባካችሁ ሐሳባችሁን መጨረሻ ላይ ተናገሩ። ዝም ያለውን ሰውም በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁት።

ያንን ወንድም ባለፈው ፋሲካ አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱ ያን ቀን ሊል ከነበረው አንድም ቃል አልረሳም ነበር።